ፊቱ የማን ነው?

በአማርኛ ፎቶግራፍ «ይነሣል»። ካሜራውን የያዘው «አንሺ»፣ ከፊቱ የቆመው «ተነሺ» ይባላል። ቃሉን በየቀኑ ስለምንጠራው ልብ አንለውም እንጂ፣ ውድ አንባቢ፣ «ማንሣት» በቋንቋችን ብዙ ሸክም ያለበት ግሥ ነው። የወደቀን ሰው ማንሣት አለ። የሞተን ሰው ስም በደግ ማንሣት አለ። ተዳፍኖ የቆየን ጉዳይ ማንሣት አለ። ባለቤቱ ዞር ሲል የሰው ዕቃ ማንሣትም አለ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ካሜራ ወደ ሰው ፊት ባዞርን ቁጥር ከእነዚህ አንዱን ሳናደርግ አንቀርም። ታዲያ የትኛውን እንዳደረግን በምን እናውቃለን? ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላስ በወረቀቱ ላይ ያለው ፊት የማን ነው? የአንሺው፣ የተነሺው ወይስ የተመልካቹ?

ይህን የምጠይቀው ለመፈላሰፍ ብዬ ሳይሆን እንጀራዬ ስለሆነ ነው። የምኖረው እዚሁ ፕሌዘንተን ነው፤ የምሠራው ግን ስልክ በተደወለበት ሁሉ ነው። ቅዳሜ ኦክላንድ ሠርግ፣ እሑድ ሳን ሆዜ ክርስትና፣ ሰኞ ደብሊን ውስጥ የሚሸጥ ቤት፣ ረቡዕ ለምግብ ቤት ማስታወቂያ የሚሆን ዶሮ ወጥ፣ ዓርብ ደግሞ ለሙት ዓመት የሚታደስ የአንድ አዛውንት ጉርድ ፎቶግራፍ። ጋዜጣ ላይ የሚሠራ ፎቶ አንሺ «ይህ ይውጣ፣ ይህ ይቅር» የሚለው አዘጋጅ አለው። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን አዘጋጅም፣ አለቃም፣ የሕግ ክፍልም የለውም። ከፋዩ የፈለገውን ይጠይቃል፤ ተነሺው ብዙ ጊዜ ከፋዩ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዳኛ ኅሊና ብቻ ነው። ዛሬ ደግሞ በየሰዉ ኪስ ውስጥ ካሜራ ስላለ ጥያቄው የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እርስዎም አንሺ ነዎት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የጻፍሁ መሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ፈረሷ ስም ነበራት

«ካሜራ አይዋሽም» ይባላል። ይህ እምነት ከተጠናከረባቸው ቦታዎች አንዱ እኛው አካባቢ ነው። በፕሌዘንተን የካውንቲው ትርዒት ሜዳ ውስጥ ያለው የፈረስ መሮጫ ከ1858 ጀምሮ የነበረ ነው ይባላል። በዚያ ዘመን የካሊፎርኒያ ባለጸጎች ልብ ፈረስ ላይ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ፓሎ አልቶ ላይ፣ የባቡር ሐዲድ ከበርቴውና የቀድሞው የካሊፎርኒያ ገዥ ሊላንድ ስታንፎርድ የፈረስ እርባታ ነበረው። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም ሰኮናዎቹ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር በዓይን ሊፈታ አልቻለም ነበርና፣ በሰኔ 1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶ አንሺ በመሮጫው ዳር ካሜራዎች በተርታ ደርድሮ፣ በመንገዱ ላይ ክር ዘርግቶ፣ ፈረሷ ክሩን እየበጠሰች ስታልፍ እያንዳንዱ ካሜራ በተራው እንዲያነሣ አደረገ።

መልሱ «አለ» ሆነ። ይህ ብቻ አይደለም። ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላ እግሮቹን ወደኋላ ዘርግተው በአየር ላይ ሲሥሉት የኖሩት ፈረስ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። አራቱም ሰኮናዎች ከመሬት የሚለቁት እግሮቹ ከሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። ካሜራው ዓይን ያላየውን አየ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው፣ ካሜራ የሚያየው እውነት የቅንጣቢ ጊዜ እውነት መሆኑን ነው። ለፈረስ እግር ይህ ይበቃል፤ ለሰው ፊት ግን አይበቃም። በሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት ምርቃት ሲሰጡ በተከታታይ አሥር ፎቶግራፍ ቢነሡ፣ በአንዱ ያለቅሳሉ፣ በአንዱ ይስቃሉ፣ በአንዱ ዓይናቸው ግማሽ ተከድኖ የሰከሩ ይመስላሉ፣ በአንዱ ደግሞ ከንፈራቸው ተጣሞ የተቆጡ ይመስላሉ። አሥሩም በካሜራው ፊት የሆኑ ናቸው፤ አንዱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተቆጡ የሚመስሉበትን መርጬ ብሰጥ፣ ሴትዮዋ በልጃቸው ሠርግ ቀን ተቆጥተው ነበር የሚል የሐሰት ምስክርነት ለልጅ ልጆቻቸው አስተላለፍሁ ማለት ነው። እንግዲህ ውሸቱ ያለው ካሜራው ውስጥ ሳይሆን ምርጫው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። ስታንፎርድ በ1882 በሥራው ላይ መጽሐፍ ሲያሳትም ለማይብሪጅ የሚገባውን ስምና ምስጋና ስላልሰጠው፣ ማይብሪጅ ተቆጥቶ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ነገር ግን ተረታ። ስምን የመነፈግ ቁስል ፎቶ አንሺ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው። ወደ ኋላ ስለምመለስበት አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፦ ማይብሪጅ ባሳተመው ካርድ ላይ የፈረሷ ስም በግልጽ ተጽፏል። ስሟ ሳሊ ጋርድነር ነበር።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት

የሙያ ዘዴ ከሥነ ምግባር የተለየ ነገር ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። እስቲ አንድ የሀበሻ ሠርግ እንውሰድ። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ የተሠራው በዚያ ሒሳብ ነው። ሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሚዜዎቿ ነጭ ለብሰው፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቆሙ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ውጤቱ ምንድን ነው? ቀሚሱ አመድ ይመስላል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ፍላሽ ፊት ለፊት ቢተኩሱበት ግንባሩና ጉንጩ ያብረቀርቃል፣ ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን የምለካው ጉንጭ ላይ ነው፤ ፍላሹን ወደ ጣሪያ ወይም ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፤ መስኮት ካለ ሰውየውን ከመስኮቱ ጎን አቆማለሁ። የቀሚሱ ጥለት እንዳይጠፋ እጠነቀቃለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ማጣት ግድ ከሆነ ግን ልብሱ ይጥፋ እንጂ ፊቱ አይጠፋም።

ይህ የቴክኒክ ምርጫ ብቻ አይደለም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚስተካከልበት የኮዳክ መመሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ባለሙያዎቹ ካርዱን «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የእርሷ ቆዳ ካማረ ሥራው አማረ ይባላል። ጥቁር ሰው በዚያ ሚዛን ሲታጠብ ፊቱ የጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ሆኖ ቢወጣ ጥፋቱ የፊቱ እንጂ የሚዛኑ አይመስልም ነበር። የብዙዎቻችን ቤተሰብ አልበም ውስጥ እንዲህ የጠቆረ ፎቶግራፍ አይጠፋም። ማሽንም ያዳላል፤ የሚያዳላውም የሠራው ሰው ማንን ፊቱ አድርጎ እንደሠራው ነው።

ዛሬ ደግሞ አድልዎው በሌላ በር መጥቷል። «እባክህ ትንሽ ቀላ አድርጋት» የሚለው ጥያቄ ከሙሽራዋ ቤተሰብ ሳይመጣ የሚቀርበት ሠርግ ጥቂት ነው። አማርኛችን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ ሰውን ሲከፋፍል ኖሯል፤ ስልኮቻችንም ሳይጠየቁ ፊት ያለሰልሳሉ። የእኔ ደንብ ቀላል ነው። በሳምንት የሚጠፋውን ብጉር አጠፋለሁ፤ ከአያቷ የወረሰችውን ቀለም ግን ማንም ቢለምነኝ አልነካም። ጠያቂዋ ባለፊቷ ራሷ ብትሆንስ? ያን ጊዜ ሁለቱንም አትሜ ጎን ለጎን አስቀምጥላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ፊቱ የእርሷ ነውና ምርጫውም የእርሷ ነው። እናት፣ ባል ወይም ሚዜ ስለ እርሷ ሲጠይቁ ግን መልሱ ሌላ ነው።

በሚሸጥ ቤት ላይ ነገሩ ይቀላል። ሰፊ ሌንስ ጠባቧን ክፍል አዳራሽ ያስመስላታል፤ ገዢው መጥቶ በሜትር ሲለካት ውሸቱ በአምስት ደቂቃ ይጋለጣል። ለሰው ፊት ግን ሜትር የለም። ለዚህ ነው በሰው ላይ የተሠራ ውሸት ዕድሜ የሚኖረው።

ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን ችግር በግልጽነት ፈትተውት ነበር። ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሰይጣን፣ ይሁዳና ከሓድያን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በዓድዋ ሥዕሎች ላይም ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ባለ ሁለት ዓይን፣ ጣሊያኑ ባለ አንድ ዓይን ነው። ይህ አድልዎ ነው? በእርግጥ ነው። ነገር ግን ሠዓሊው ፍርዱን አልደበቀም። ማንም ተመልካች፣ ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን፣ ሠዓሊው ከማን ጋር እንደቆመ በአንድ እይታ ያውቃል።

ፎቶ አንሺ ግን ፍርዱን ከማሽን ጀርባ ይደብቃል። ባለሥልጣንን ከታች ወደ ላይ ቢያነሡት ግንብ ይሆናል፤ ለማኝን ከላይ ወደ ታች ቢያነሡት ትቢያ ይሆናል። ተናጋሪን አፉ ተከፍቶ ምራቁ ሲረጭ ቢመርጡት ዕብድ ይሆናል። እኛም በአንድ ዓይን እንሥላለን፤ ልዩነቱ «ካሜራው ያየው ነው» ብለን መማላችን ነው።

በታሪካችን የዚህ ትልቁ ምሳሌ የደረሰው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1974፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 የወሎን ረኃብ ቀርጾ ለዓለም አሳይቶ ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ፣ በረኃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎችን እየሰካ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ በጥንቃቄ እናስብ። ረኃቡ ውሸት ነበር? አልነበረም፤ ሕዝብ አልቋል፤ መንግሥትም ደብቆታል። ድግሱ ውሸት ነበር? እርሱም አልነበረም። የተጨመረ ነገር ቢኖር መቀሱ ብቻ ነው። ሁለት እውነቶችን በአንድ ሰዓት የሆኑ አስመስሎ መስፋት ሦስተኛ ነገር ይወልዳል፤ ያም ፍርድ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ልከራከረው አልመጣሁም። የምለው ይህን ነው፦ በዚያ ፊልም ውስጥ ዓይኑ ጎድጉዶ የሚታየው የወሎ ገበሬ፣ ፊቱ ለዚህ ፍርድ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ማንም አልጠየቀውም። በሕይወቱ ሳለ እህል ያልደረሰለት ሰው፣ ፊቱ ግን መንግሥት መገልበጫ ሆነ። የገለበጠውም መንግሥት ከ10 ዓመት በኋላ ያንኑ ሕዝብ በረኃብ አስጨረሰ።

የኒፖሞዋ እናትና የኮረም ሰዎች

ከእኛ ብዙም በማይርቀው ኦክላንድ ሙዚየም ውስጥ የፎቶ አንሺዋ የዶሮቲያ ላንግ የግል ማኅደር ተቀምጧል። ላንግ በርክሊ የኖረች፣ ለድኾች ያዘነች፣ ሙያዋን ያከበረች ሴት ነበረች። በማርች 1936 ለመንግሥት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ኒፖሞ በሚባል የካሊፎርኒያ መንደር አተር ለቃሚዎች በሰፈሩበት ቦታ አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር በድንኳን ሥር ተቀምጣ አገኘች። ጥቂት ፎቶግራፎች አንሥታ ሄደች። ስሟን አልጠየቀቻትም። ሥዕሉ በሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ መንግሥት ወደ ሰፈሩ 20,000 ፓውንድ ምግብ ላከ። ምግቡ ሲደርስ ግን ያቺ እናት ከቤተሰቧ ጋር ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ ሄዳ ነበር።

ሥዕሉ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆነ። ሴትዮዋ ግን ለ42 ዓመት ስም አልነበራትም፤ «ስደተኛዋ እናት» ብቻ ነበረች። በ1978 ሞዴስቶ ውስጥ፣ ከፕሌዘንተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ከተማ፣ አንድ ጋዜጠኛ አገኛት። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን ትባላለች፤ ሁሉም ነጭ ናት ብሎ ያሰባት ሴት የቸሮኪ ሕንዶች ተወላጅ ሆና ተገኘች። ባትነሣ ይሻለኝ ነበር፣ ከሥዕሉ አንዳች አላገኘሁም፣ ስሜንም አልጠየቀችኝም ስትል ተናገረች። ላንግም ብትሆን ከሥዕሉ አልከበረችም፤ የመንግሥት ንብረት ነበርና። ነገሩ ግን ስለ ገንዘብ አልነበረም። ቶምፕሰን 10 ልጆችን በጉልበቷ ያሳደገች ኩሩ ሴት ነበረች፤ ዓለም ግን ከሕይወቷ የሚያውቀው አንድ የችግር ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እንግዲህ ቅድም አንባቢ እንዲይዝልኝ ወደጠየቅሁት ልመለስ፦ በ1878 ፈረሷ በስሟ ተጠራች፤ በ1936 ሴትዮዋ ያለ ስም ቀረች። የስታንፎርድ ፈረስ ባለቤት ነበራት፤ የድኻ ፊት ግን ባለቤት እንዳለው የታሰበ አይመስልም።

የእኛው ኮረም ከዚህ ይብሳል። ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የዘገበው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። በጁላይ 1985 ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ፤ እህል መጣ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነፍስ ተረፈ። አሚን ደፋር ባለሙያ ነበር፤ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጥቷል፤ በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞቷል። በእርሱ ላይ ጣት የምቀስር አይደለሁም። ነገር ግን በዚያ ዘመን በስደት የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሌላውን ወጪ ያስታውሳል፤ አገሩን ሲናገር የሚመለስለትን የአዘኔታ ፊትና የረኃብ ቀልድ። አንድ ሕዝብ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ታሰረ።

ከዚያ ሁሉ ፊት ስሟ ከታወቀው ጥቂቶች አንዷ ብርሃን ወልዱ ናት። የካናዳ ቴሌቪዥን ለሞት ስታጣጥር የቀረጻት፣ ላይቭ ኤይድ ላይ ምስሏ የታየ የትግራይ ሕፃን ነበረች። ተርፋ አድጋ፣ እርሻ ተምራ፣ በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ቆመች። ስም ስላገኘች ምስሉ ተለወጠ፤ ሞት የነበረው ታሪክ ሆነ። የቀሩት ግን አሁንም በየመዝገቡ «የረኃብ ሰለባ» እየተባሉ ተኝተዋል።

ፈቃድ ብቻ ይበቃል?

ሕግ እዚህ ላይ የሚለው አለው። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎም ለታወቁ ሰዎች፣ ለሕዝብ ሹመኞች፣ ለፍርድ ሥራ፣ ለሳይንስና ለትምህርት፣ በአደባባይ ለተደረጉ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ያበጃል። በአሜሪካ ፎቶግራፉ ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ የአንሺው ንብረት ነው፤ ካሊፎርኒያ በ1971 ያወጣችው ሕግ ደግሞ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለማስታወቂያና ለሸቀጥ መጠቀምን ትከለክላለች። አንዱ ሕግ ከፊቱ ባለቤት ይጀምራል፣ ሌላው ከገበያው ይጀምራል።

ነገር ግን የሕጉ ፈቃድ ሁሉን አይፈታም። «ኮረም ላይ ፈቃድ ሲጠየቅ ቢዋል ኖሮ ዓለም አይሰማም ነበር» የሚል ሰው እውነት አለው። ከዚህም የከፋው፣ የተራበ ሰው «አይሆንም» ለማለት አቅም የለውም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ፈቀደ ይባላል?

ይህ ጥያቄ በትንሹ እኛም ዘንድ ይመጣል። አንድ ጊዜ በጽኑ ለታመመ ወገናችን መዋጮ ሊሰበሰብ ሲል አስተባባሪዎቹ ፎቶግራፍ እንዳነሣ ጠየቁኝ። የፈለጉት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ የመድኃኒቱ ቱቦ እየታየ ነበር። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ ሰው ካላዘነ ኪሱን አይከፍትም ብለው ነው። በሽተኛው ግን ከትራሱ ቀና ብሎ «ኮቴን ስጡኝ፣ እናቴ ታየዋለች» አለ። አስተባባሪዎቹ ኮት የለበሰ ሰው እርዳታ የሚያስፈልገው አይመስልም ብለው ተከራከሩ። የተነሣው ኮቱን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በመስኮት ብርሃን ነው። በሌላው ሥዕል ገንዘቡ ይበልጥ ይሆን ነበር ወይ? ሌላው ሥዕል አልተሞከረምና ማንም ሊመልስልኝ አይችልም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ሰውየው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሲጠይቅ ፊቱን በመያዣነት አላስቀመጠም። የሰው ፊት እሳት ነው ይሉ የለም አባቶቻችን? ለችግሩ ሲል የሰው ፊት ለሚያይ ሰው፣ የራሱን ፊት እንኳ እንደወደደ አድርጎ እንዲያሳይ ልንተውለት ይገባናል።

ከዚህ ሁሉ አንድ መመዘኛ አውጥቼ እሠራበታለሁ። ተነሺው አሁን መጥቶ ከጎኔ ቆሞ ይህን ሥዕል ቢያየው፣ ዓይኑን ቀና ብዬ ላየው እችላለሁ? ከቻልሁ ፎቶግራፉ ይውጣ። ካልቻልሁ ይቅር። ይህን መመዘኛ የማያልፉ፣ ነገር ግን መነሣታቸው ግድ የነበረ ሥዕሎች እንዳሉ አልክድም፤ የጦርነት፣ የእልቂት፣ የረኃብ ሥዕሎች። እነዚያ በእኔ አስተያየት ስርቆት አይደሉም፤ ብድር ናቸው። ብድር ደግሞ ይከፈላል። ስሙን ጠይቆ በመጻፍ ይከፈላል፤ ተመልሶ ሄዶ ሰውየው የት ደረሰ ብሎ በመጠየቅ ይከፈላል፤ ሥዕሉን እጁ ላይ በማስቀመጥ ይከፈላል። ሞቶ ከሆነም ለቤተሰቡ ይከፈላል። የኒፖሞው ስሕተት መነሣቱ አልነበረም፤ ለ42 ዓመት ሳይከፈል መቆየቱ ነው። ቶምፕሰን በ1983 በጠና ስትታመም ቤተሰቧ ስሟን ጠርቶ እርዳታ ሲለምን ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ከየአቅጣጫው መጣ። ሕዝብ ብድሩን የከፈለው ስሟን ካወቀ በኋላ ነው። እርሷም በዚያው ዓመት አረፈች።

ከፎቶግራፉ ጀርባ

በመጨረሻ አንድ የቆየ ልማዳችንን ላስታውስ። በእናት አባቶቻችን ዘመን ሰው ፎቶ ቤት የሚሄደው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት አርመናውያኑ ቦያጂያኖችም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ያነሡት ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ አስቦ የመጣን ሰው ነው። ከዚያም ሰውየው ፎቶግራፉን ገልብጦ ከጀርባው በገዛ እጁ ስሙን፣ ቀኑንና የመታሰቢያ ቃሉን ይጽፍና ለወዳጁ ይሰጣል። ፊቱ ከእጁ የሚወጣው በስጦታ ነበር። ሰጪው ይታወቃል፤ ተቀባዩም ይታወቃል፤ ፎቶግራፉ በአልበም ውስጥ የአደራ ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል።

የሚታደሱ አሮጌ ፎቶግራፎች ሲመጡልኝ ከፊቱ በፊት ጀርባውን የማየው ለዚህ ነው። ፊቱ ደብዝዞ ጽሑፉ የሚነበብ ብዙ ነው። በአንጻሩ ዛሬ በስልኮቻችን ውስጥ ያሉት እልፍ ሥዕሎች ጀርባ የላቸውም። ሰው በለቅሶ ቤት ደረቱን ሲመታ፣ ሕፃን በጥምቀት ውኃ ሲያለቅስ፣ አሮጊት በታቦቱ ፊት ሲንበረከኩ እንቀርጽና፣ ባለቤቱ ሳያይ፣ ሳይሰማ፣ ለማያውቀው ሺህ ሰው እንልካለን። የክፋት አይደለም፤ የልማድ ነው። ልማድ ግን ሊለወጥ ይችላል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ከእርስዎ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ወይም በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ላይ ስልክዎን ከማውጣትዎ በፊት በዓይንዎ ይጠይቁ፤ ሰውየው ራሱን ከነቀነቀ ይተዉት። ያነሡትን መጀመሪያ ለተነሺው ያሳዩ። ቤትዎ ውስጥ ካለው ሁሉ ደግሞ የሚወዱትን አንዱን ያሳትሙና ይገልብጡት፤ ከጀርባው ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፉ። እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ እርሳሱን ለእርሳቸው ይስጡና እሳቸው ይጻፉት።